የአኩፋዳው ቆጠራ

የየኔታን ዕረፍት የሰማሁት ድሬዳዋ ሆኜ ነው። የፍልሰታ ጾም ነበር። ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን እንደተከናነብኩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባጃጅ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። የደወለችው የጎንደር ባልንጀራዬ ናት። እኔና እሷ በአንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ገጥመን ለዓመታት ሠርተናል፤ እሷ ጸሐፊ፣ እኔ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ። ቤተሰቦቿ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ፒያሳ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊሞች ናቸው። ለበዓሌ ትደውልልኛለች፣ ለበዓሏ እደውልላታለሁ፤ ከዚያ ውጭ ከደወለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

«አንቺ፣ ጾሙ እንዴት አድርጎሻል? በዚያ ሙቀት ውኃ ሳትቀምሺ?»

«አንቺ በረመዳን የምትችይውን እኔ ምን ሆኜ! ምነው፣ ደኅና አይደላችሁም?»

«እኛማ ደኅና ነን። ዛሬ ወንድሜ ሱቅ ተቀምጬ አንድ ቄስ ገቡ። የመጋረጃ ጨርቅ ፈለጉ፤ ለአርባ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ። የማን አርባ ነው ብላቸው፣ ከደባርቅ ማዶ የዜማ መምህር የነበሩ አሉኝ። ያንቺ የኔታ ናቸው፣ እህቴ።»

ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ «ትሄጃለሽ፣ እናት?» አለኝ። በእጄ እለፍ አልኩት።

«ወንበሩን ማን ያዘው?» አልኳት።

«እኔም እሱን ጠየቅኋቸው። ‹ማን ይይዘዋል፤ ያ ልጅ ይመጣል እያሉ እንደጠበቁ አለፉ› አሉኝ።»

አፈር ከለበሱ ሰንብተዋል፤ እኔ ግን ማለዳ ማለዳ በጸሎቴ ከሕያዋን ጋር ስጠራቸው ነበር። መጀመሪያ የከነከነኝ ይህ ነው። የቄሱ ቃል የገባኝ እየቆየ፣ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። «ያ ልጅ» የተባለው ማን እንደሆነ እኔም ባልንጀራዬም እናውቃለን። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

አባቴ ጎንደር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። በወጣትነቱ ከደባርቅ ማዶ ባለው በዚያ ጉባኤ ቤት፣ ከየኔታ በፊት ከነበሩት መምህር ዜማ ተምሯል፤ አልጨረሰም። የስፌት መኪናውን እየረገጠ የሚያንጎራጉረው የዐቢይ ጾም ዜማ ሌላ ቦታ ከሚሰማው ይለያል። ዝቅ ብሎ ከደረት ይነሣና፣ ሌሎቹ ከፍ በሚሉበት ቦታ እሱ ጭራሽ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንዲያ የሚዜም ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሌላ ደብር ሰምቼ «አባዬ፣ ተሳሳቱ!» ብለው ሣቀብኝ።

«እነሱ አልተሳሳቱም፣ ልጄ። የእኛ ሌላ ነው። ይህን የያዘ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።»

ወንበር ማለቱ የመምህሩን መቀመጫ ነው። መምህሩ ሲያልፍ ከአፉ ሙሉውን የተቀበለ ተማሪ ይቀመጥበታል። ሙሉውን የተቀበለ ከሌለ ወንበሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ግማሽ መምህር፣ ሦስት አራተኛ መምህር የሚባል ነገር የለም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ተምሬ ወጣሁና የዞኑን ባህል ነክ ሥራ በሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ለብዙ ጊዜ ሥራዬ ይህን ያህል ጎብኚ ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ ከማለት አያልፍም ነበር። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ግን ባህልም እንደ እርሻና እንደ ጤና በአመላካች ይታቀዳል የሚል መመሪያ ደረሰን። ሊያሠለጥነን ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጣ። ድምፁን የማያነሣ፣ ሰው የሚያከብር ወጣት ነበር።

«ሐኪም ቴርሞሜትር ብብታችሁ ሥር ሲያደርግ በሽታውን አላየውም፤ ትኩሳቱን አይቶ ግን መድኃኒት ያዝዛል። አመላካች ማለት ይኸው ነው። ባህልን ራሱን አንቆጥረውም። ምልክቱን እንቆጥራለን» አለን።

አመንኩት። አሁንም ሐሰት ነው አልልም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአገር የሚያቅድ ሰው የየደብሩን ጓዳ ገብቶ ሊያይ አይችልም። ቁጥር ክትባት ወደማያውቅ ቀበሌ ክትባት ሲያደርስ አይቻለሁ፤ ለጭፍን ወቀሳ አልቸኩልም።

ቅጹ ሲደርሰን ባልንጀራዬ እየተየበችው ሣቀች። «ስሚ እስቲ፤ ‹በዓመቱ በባህላዊ ክንውን የተሳተፈ ሕዝብ ብዛት› ይላል። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ እልል ያለውን ሁሉ ላስገባ? ለሦስት ሰው የሚበቃ እልል የምትል አክስት አለችኝ፤ እሷንስ በስንት ልያዛት?»

«በአንድ ያዣት!» አሉ ኃላፊያችን ከወዲያኛው ክፍል። «በጎንደር ሴት እልልታማ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን።»

ስለ አብነት ትምህርት ቤቶች የሚጠይቀው ረድፍ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የተማሪ ብዛት። ከተወሰነ ልክ በላይ ያለው «ንቁ» ይባላል። ለንቁዎቹ የተማሪ ቀለብና የጎጆ ክዳን ቆርቆሮ ታስቦላቸዋል። ከልኩ በታች ያለው «የተዳከመ» ነው። ለእሱ ቀለብ የለም፤ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰው መቅረጸ ድምፅ ይዞ ሄዶ ይቀርጸዋል። ይህን ስሰማ በልቤ ወደዚያ ወደ አባቴ ጉባኤ ቤት ሄድኩ። ተማሪዎቹ በልተው ቢያድሩ፣ ሳይበተኑ ቢቆዩ፣ አንዱ ሙሉውን ተቀብሎ ወንበሩን ይይዛል። አባቴ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። ለነፍሱ የምሠራለት ሥራ መሰለኝና እኔው ልሂድ ብዬ ጠየቅሁ።

ከጥምቀት በኋላ ነው የሄድኩት። ደባርቅ አድሬ፣ በማግስቱ ከወረዳው ከተሰጠኝ መንገድ መሪ ጋር በእግር ተነሣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ዛሪማ ቁልቁል ከሚወድቅበት ከንፈር ላይ ነው። በአጥሩ ዙሪያ የተማሪዎቹ ጎጆዎች እንደ እንጉዳይ ፈልተዋል፤ ሰው አንድ ጊዜ ጎንበስ ካለ እስኪወጣ የማይቃናባቸው ናቸው። የኔታ ወይራው ሥር አጎዛ በተነጠፈበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያ ድንጋይ ነው ወንበሩ። አጠገባቸው የደብሩ ገበዝ፣ ሁሉም «አያ» የሚላቸው አዛውንት፣ በትራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ያዩኛል።

ተሳልሜ፣ የአባቴን ስም ጠርቼ፣ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ሸጋ» አሉ የኔታ። «አባትሽን የእኔ መምህር ያነሡት ነበር። ጉሮሮ ነበረው፤ ትዕግሥት አልነበረውም።»

«ስንት ተማሪ አለዎት፣ የኔታ?»

«የእግዚአብሔር ናቸው።»

«እሱስ አዎን። ግን ስንት ይሆናሉ?»

«ልጄ፣ ሕዝቡን ያስቆጠረው ንጉሥ ምን ወረደበት? ስትታዪ ቅዳሴ የምታውቂ ትመስያለሽ። ሰው አይቆጠርም። በግ እንኳ ሲገባ ዐይን ጎደለ አልጎደለ ይለዋል እንጂ በጣት አይቆጠርም።»

እኔም ያደግኩበት ነገር ነው። እናቴም ስንት ልጆች አሉሽ ስትባል «አሉ፣ ተመስገን» ብላ ዝም ነበር። ቆጠራ ዐይን ይስባል፣ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። ትምህርት ቤት ገብቼ ቁጥር ሙያዬ ሆኖም ያ ፍርሃት ከውስጤ አልወጣም።

አያ ያን ጊዜ በትራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቆጥራችሁ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ቀለብ ልንሰጥ ነው፣ አያ።»

«እንዲያ ነው። ያኔም ለቀለብ ነው ብለው ነበር።»

ያኔ መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው ወደ ገደሉ ዞሩ።

በዚህ መሐል ነው እሱ የመጣው። ታናናሾቹን የሚያስቀጽለው፣ ማለትም የኔታ የሰጧቸውን ዜማ መልሶ መላልሶ የሚያለማምዳቸው የበላዩ ተማሪ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ ቅንድቡ መሐል ላይ የተሰነጠቀ። ቆሞም ቢሆን በሁለት ጣቱ ጭኑን እየመታ ዜማ ይለካል፤ እጁ አያርፍም። የየኔታን ጉልበት ስሞ ቀና አለና፣ «የኔታ፣ እንግዳዋ ከጎንደር ድረስ ደክመው መጥተው ባዶ ወረቀት ይዘው ይመለሱ? ሰው ባይቆጠር አኩፋዳ ይቆጠር። አኩፋዳ ነፍስ የለው፣ ዐይን አይወድቅበት» አላቸው።

አኩፋዳ ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስሟ ለማርያም» እያለ የሚለምነውን ቁራሽ የሚያኖርበት ከረጢት ነው። ያለ እሱ ተማሪ የለም። የኔታ ሣቁ። «ይኸ ልጅ ነገር አዋቂ ነው። በይ ቁጠሪ፤ እኔ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሱ። አኩፋዳዎቹ አንድ በአንድ መጥተው ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀሉ፤ ቆጠርኩ። ከገመትኩት አነሱ። በአጥሩ በኩል የሚያሾልቁ ሁለት ትንንሽ ልጆች አይቼ «እነዚህስ?» አልኩ። አያ ከአፌ ነጥቀው «የመንደር ልጆች ናቸው» አሉ።

ጎንደር ተመልሼ ቁጥሩን ሞላሁ፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ «ቆጠራው በአኩፋዳ ነው፤ ከልማዱ የተነሣ ተማሪዎቹን በአካል መቁጠር አልተቻለም፤ ዳግም ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊያችን አነበቡት።

«ይህን ማን ያነበዋል፣ ልጄ? ኮምፒውተሩ ኅዳግ የለውም፤ ሣጥን ነው ያለው።»

ትተው አላለፉም፤ አዲስ አበባ ደውለው ጠየቁ። እዚያም ያሉት ይህንኑ ነው። ጉባኤ ቤቱ ከልኩ በጥቂት ዝቅ ብሎ «የተዳከመ» ተባለ። አስፋልት ዳር ያለ አንድ ሌላ ትምህርት ቤት እሑድ እሑድ ለመዝሙር የሚመጡትን ሕፃናት ሁሉ አስቆጥሮ «ንቁ» ሆነና ቀለቡ ወደዚያ ሄደ። እነሱም ተርበው ነበር፤ አልቀየምኳቸውም።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ደጋውን በረዶ መታው። ገብሱ ሊሸት ሲል ነው መሬት ላይ የተኛው። ለራሱ የሌለው ገበሬ ለተማሪ ምን ይሰጣል? በጥቅምት አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ስሠራ፣ «እትዬ፣ እንደምን ዋላችሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሱ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር። ማንገቻው የተበጠሰ አኩፋዳውን በብብቱ ይዟል።

ባልንጀራዬ ቀድማኝ፣ «ምነው እንደ ሕፃን ታቅፈኸዋል? ሊያለቅስብህ ነው?» አለችው።

«ባዶ ሲሆን ያለቅሳል፣ እትዬ።»

እሷ ከወንድሟ ሱቅ የመጣ አረንጓዴ የጨርቅ ቁራጭ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ አጥፋ፣ መርፌ ፈልጋ ማንገቻ ትሰፋለት ጀመር። «የእስላም ጨርቅ ነው ብለህ መንገድ ላይ እንዳትጥለው።»

«እህል የሚያዝልልኝን ጨርቅ ሃይማኖቱን አልጠይቀውም» አላት። ጓደኞቹ ሣቁ፤ እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅሁ። በአይከል አድርገው ወደ መተማ ቆላ፣ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ነው። ለአንድ ወቅት ሠርተው ለታናናሾቹ እህል ገዝተው ይመለሳሉ።

«ቀለብ ይመጣል ብላችሁን አልነበር?» አለኝ፤ በወቀሳ አይደለም።

ስለ ልኩ፣ ስለ ቁጥሩ፣ በጥቂት እንደቀረባቸው ነገርኩት። ሲሰማ የጭኑ ላይ ጣቶቹ ቆሙ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ቆመው ያየሁት።

«እትዬ፣ የቆጠርሽው አኩፋዳ ነው። እኛ ዘንድ አዲስ የገባ ልጅ ፊደል ጨርሶ ዜማ እስኪጀምር አኩፋዳ አይዝም። ውሻ ይነክሰዋል፣ መንገድ ያጠፋል ተብሎ ከታላቁ አኩፋዳ ይበላል። ከአንዱ አኩፋዳ ሁለትም ሦስትም አፍ ይበላል።»

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝም?»

«አያ ናቸው። መምጣትሽን የሰሙ ዕለት ትንንሾቹን ወደ ዛሪማ ቁልቁል ሰደዷቸው፤ ‹እስክትሄድ እንዳትወጡ› ብለው። በደርግ ጊዜ ለቀለብ ነው ብለው ጎረምሳውን ቤት ለቤት ቆጠሩት አሉ። ቀጥሎ የመጣው መኪና ነው። የአያ ልጆች በዚያ መኪና ሄደው ቀሩ። እኔን ጠርተው ‹የትንንሾቹን ነገር አደራ› አሉኝ። የአኩፋዳውን ነገር ያመጣሁት ለዚያ ነው። ለየኔታም ኃጢአት እንዳይሆን፣ ለአያም አደራ እንዲሆን። ብልሃት የሠራሁ መስሎኝ።»

ባልንጀራዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«አትሂድ» አልኩት። «ቆላው ወባ ነው። እንዲታረም አሁኑኑ እጠይቃለሁ።»

«ጠይቂ፣ እትዬ። ልጆቹ ግን ዛሬም ይበላሉ።» ከዚያ ፊቱ ፈካ አለ። «ለዐቢይ ጾም እመለሳለሁ። የጾሙ ዜማ መጨረሻው ብቻ ነው የቀረኝ። የኔታ ዘንድሮ እሰጥሃለሁ ብለውኛል። እሱን ከያዝኩ ጨረስኩ።»

አረንጓዴውን ማንገቻ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ለባልንጀራዬ እጅ ነሥቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ያንን ዝቅ ብሎ የሚነሣ ዜማ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ከአባቴ በኋላ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ስደርስ ወደ አውቶቡሶቹ ታጥፈዋል።

ለኃላፊያችን ሁሉን ነገርኳቸው። በእጃቸው ፊታቸውን ያዙ። «እውነቱን ነው። ግን በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ ብንል ማን ያምነናል? የተዳከመ ያልነው ትምህርት ቤት እጥፍ አደገ! አሁን ነው የዋሻችሁት የሚሉን። የሚቀጥለው ዙር ይምጣ፤ በትክክል እናስገባዋለን።» አሁንም ደወሉ፤ አሁንም ሪፖርቱ ተዘግቷል ተባሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ቢገኝ ይቀለኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። እሱ አልመጣም። ሁለቱ ጓደኞቹ ተመለሱ፤ አንዱ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ አብጦ። ቢሮ መጥተው የነገሩኝ ይህን ነው። በአጨዳው መሐል ትኩሳት ጣለው። መቆም ሲያቅተው የእርሻው ካቦ ሰሊጥ የጫነ መኪና ላይ አስወጥቶት «አይከል ክሊኒክ ያወርዱሃል» ብሎ ላከው። እነሱ ደመወዝ ሳይቀበሉ መሄድ አልቻሉም። ሲመለሱ አይከል ጠየቁ፤ ያወቀው የለም።

እኔም ሄድኩ። ክሊኒኩ በር ላይ የነበረች ነርስ ደክሟት ግድግዳውን ተደግፋ አዳመጠችኝ። «እትዬ፣ በሰሊጥ ወቅት ደገኛው በመኪና እየተራገፈ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ስሙን እንኳ ሳይናገር ነው። አረንጓዴ ማንገቻ አላስታውስም» አለችኝ። በአካባቢው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ዞርኩ፤ ቀባሪዎቹን ጠየቅሁ። በዚያ ወቅት ስሙ ሳይታወቅ የተቀበረ እንግዳ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱ ነው ብዬ አለቅስ ነበር። ግን ብዙ ናቸው።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ደብሩ ወጣሁ። ትንንሾቹ ተበትነዋል። ጎጆዎቹ ክዳናቸው ተነሥቶ እንጨታቸው ብቻ ቆሟል። ካህናቱ ለልጁ ፍትሐት እናድርግለት ብለው ነበር፤ የኔታ እንቢ አሉ።

«መቃብሩን ያየ ሰው አምጡልኝ። ሳይሞት ፈትቼው ነገ በዚያ በር ቢገባ ምን ብዬ እቀበለዋለሁ?»

መቅረጸ ድምፅ የያዘው የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ አብሮኝ ነበር፤ «የተዳከመ» ለተባለው የሚደረገውን ሊያደርግ። ቢያንስ የጾሙ ዜማ መጨረሻ ይያዝ ብዬ እኔም ለመንኳቸው። የኔታ መሣሪያውን አገላብጠው አዩት።

«ይኸ ሣጥን ሲሳሳት ይታረማል?»

«አይሳሳትም፣ የኔታ። ያሉትን ነው የሚደግም።»

«እንግዲያ ተማሪ አይደለም። እኔ የምሰጠው ሲሳሳት ለማርመው ነው። መጨረሻው የእሱ ነው፤ ቃል ገብቼለታለሁ። ሲመጣ ይወስዳል።»

መጀመሪያውን ቀረጹት፤ መጨረሻውን አልሰጡም። ሌላ ተማሪ ከሥሩ እንዳያስጀምሩም ጉልበት አልነበራቸው፤ ሙሉው ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

ስወርድ አያ እስከ ዳገቱ ግርጌ ሸኙኝ። ከዚያ ቆመው በትራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጆቼን ቆጥረው ወሰዷቸው። እነዚህን ሳላስቆጥር ላድን ብዬ…»

«አያ» አልኳቸው። ነጠላዬን ይዘው ዐይናቸውን ጠረጉበት፤ ልጅ እንደሚያደርገው። ከዚያ ተመልሰው ወጡ።

የሚቀጥለው ዙር ቅጽ ሲመጣ እኔው ሞላሁት። ያን ጊዜ መሰወር የሚያስፈልገው ልጅ አልነበረምና ቁጥሩ ትክክል ነበር። ኃላፊያችን እንዳሉት በትክክል አስገባነው። ዓመታት ቆይቶ የታተመው የዕቅድ አፈጻጸም ሰነድ ላይ በዞናችን የንቁ አብነት ትምህርት ቤቶች ብዛት ጨመረ ይላል። እውነት ነው፤ ጨምሯል። በዚያ ሰነድ ላይ ሐሰት የሆነ አንድ መስመር አላገኘሁም።

ከዚያ ባለቤቴ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረና ተከተልኩት። እዚህ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ ቆሜ፣ ሌሎቹ ከፍ ሲሉ ጆሮዬ ዝቅ ያለውን ይጠብቃል። የኔታን በስልክ የሚያገኝ የለም፤ ወደዚያ ከወጣ ሰው ሁሉ የምሰማው አንድ ነው። አጎዛው ላይ ተቀምጠው ወደ መንገዱ ያያሉ ይሉኝ ነበር።

አሁን እሳቸው አርፈዋል፤ ከሙታን ጋር እጠራቸዋለሁ። እሱን ግን የት እንደምጠራው አላውቅም። የክርስትና ስሙን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ከሙታን ጋር እንዳልጠራው የኔታ ከልክለውኛል፤ ከሕያዋን ጋር ስጠራው ድምፄ ይሰበራል። አንድ ጊዜ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እዚያ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ በዚያ ወቅት፣ ደጋውን በረዶ በመታበት ዓመት፣ መተማ ቆላ ሰሊጥ ስታጭዱ የነበራችሁ፣ ከአይከል በታች መኪና ስትነዱ የነበራችሁ፣ በየክሊኒኩ በትኩሳት የሚነድ ደገኛ ተቀብላችሁ ያስተኛችሁ፣ ስሙን ሳታውቁ እንግዳ የቀበራችሁ፤ እባካችሁ አስታውሱ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግራ ቅንድቡ የተሰነጠቀ ነው። ተኝቶም ቢሆን ሁለት ጣቱ አያርፍም። አኩፋዳው አረንጓዴ የጨርቅ ማንገቻ አለው፤ ስፌቱ ጥብቅ ነው፣ በቀላሉ አይበጠስም። ከቀበራችሁት ቦታውን ንገሩኝ፤ ለደብሩ ካህናት አድርሼ ፍትሐቱ ይደረግለታል፤ የኔታም የጠየቁት መቃብሩን ያየ ሰው ነው። በሕይወት ካለና የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ ግን የኔታ ማረፋቸውን ንገሩት። መጨረሻውን የሚሰጠው ሰው የለም። የያዘውን ያህል ይዞ ግን ይሂድ፤ ድንጋዩ ወይራው ሥር እንዳለ ነው፣ አጎዛውንም ያነሣው የለም በሉት።